የድኅረ ምረቃ ተማሪ ትርፍ ሰዓቱን ለየትኛው ዝግጅት ይስጥ? ከባሕር ዳር አንጻር የተዘጋጀ ንጽጽር

ሴሚስተር ሲጀመር የማስታወቂያ ሰሌዳው ይሞላል፤ የዲፓርትመንቱ የቴሌግራም ግሩፕም እንዲሁ። የዳታ ትንተና ሥልጠና፣ የንባብ ክበብ፣ የቡና ሰዓት፣ የጠዋት የእግር ጉዞ፣ ስለ ጭንቀት የሚሰጥ ንግግር፣ ወደ ዘጌ የጀልባ ጉዞ። የማስተርስም ሆነ የፒኤችዲ ተማሪ ግን ኮርስ አለበት፣ አሳይመንት አለበት፣ ብዙውም ሥራና ቤተሰብ ያስተዳድራል። በሳምንት ለሁለት ዝግጅት የሚሆን ሰዓት ከተረፈው ዕድለኛ ነው። ስለዚህ መምረጥ ግድ ይላል። ለመምረጥ ደግሞ እያንዳንዱ ዝግጅት ለምን እንደሚበጅና የት ላይ እንደሚከሽፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

የምንመክረው መለኪያ አንድ ነው፦ አሁን፣ በዚህ ሳምንት፣ ሥራችሁን ይዞ ያቆመው ምንድን ነው? ለዚያ ቋጠሮ የሚሆነውን ምረጡ። የዝግጅቱ ትልቅነት፣ የተናጋሪው ዝና፣ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው።

ያላችሁበትን ደረጃ ለዩ

ኮርስ ላይ ያለ፣ በተለይ ከሌላ ከተማ መጥቶ ፔዳ ወይም ፖሊ (ሁለቱም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ናቸው) አካባቢ ቤት የተከራየ ሰው፣ ትልቁ ችግሩ የንባብ ክምርና ሰው አለማወቅ ነው። ለእሱ የንባብ ክበብና የቡና ሰዓት ከማንኛውም ሥልጠና ይቀድማሉ። ፕሮፖዛል ላይ ያለ ሰው ርዕሱን የሚያጠብለትና «ይህን ለምን ትጠይቃለህ?» ብሎ የሚሞግተው ሰው ይፈልጋል። መረጃ ሰብስቦ የተመለሰ የዳታ ክሊኒክ፣ መጻፍ የጀመረ የጽሑፍ ሰዓት፣ ሊጨርስ የተቃረበ የሙከራ ዲፌንስ (ቴሲስን የመከላከል ልምምድ) ያስፈልገዋል፤ የእያንዳንዱ ምንነት ከታች ተብራርቷል።

በብዛት የምናየው ስሕተት ለኋላ የሚሆነውን ዛሬ መማር ነው። ፕሮፖዛሉ ገና ያልጸደቀለት ተማሪ ሁለት ሙሉ ቀን ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር ሥልጠና ይገባል፤ ወራት አልፈው ዳታው እጁ ሲገባ የተማረው ከጭንቅላቱ ወጥቷል። ሥልጠናው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ወዲያው ያልተሠራበት የሶፍትዌር ትምህርት ስለማይቆይ ነው።

የአጻጻፍ ሥልጠና ወይስ የጽሑፍ ሰዓት?

የአጻጻፍ ሥልጠና የሚባለው አንድ መምህር ስላይድ ይዞ የሚያስተምርበት ነው። የጽሑፍ ሰዓት ደግሞ ማንም ማንንም አያስተምርም፤ ጥቂት ተማሪዎች አንድ ክፍል ገብተው፣ እያንዳንዱ የራሱን ቴሲስ፣ አፉን ዘግቶ ይጽፋል። ሲሰሙት ከንቱ ይመስላል። ሆኖም በዚህ ጽሑፍ ከተዘረዘሩት ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል የጽሑፍ ሰዓትን እንመርጣለን። ቴሲስ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው አጻጻፍ ስላላወቀ ሳይሆን ሳይቋረጥ የሚጽፍበት ሰዓት ስላላገኘ ነው።

ሥልጠናው የሚጠቅመው የተዛማጅ ጽሑፎችን ቅኝት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጽፍና የራሱ ገጽ ላይ እርማት ለሚያገኝ ሰው ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጁን «የራሴን ሁለት ገጽ ይዤ ልምጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አያስፈልግም» ከሆነ ስላይዱን ብቻ ተቀብላችሁ ብትቀሩ ብዙ አታጡም።

ለጽሑፍ ሰዓት ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል። የሁለት ሰዓቱ አከፋፈል እንዲህ ነው፦ 10 ደቂቃ መግቢያ፣ 45 ደቂቃ ጽሑፍ፣ 10 ደቂቃ እረፍት፣ 45 ደቂቃ ጽሑፍ፣ 10 ደቂቃ መዝጊያ። 45 ደቂቃ ለሚከብደው ጀማሪ 25 ደቂቃ ጽፎ 5 ደቂቃ ማረፍ ይቻላል። በመግቢያው ላይ ሁሉም የዕለቱን ግብ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ግቡም በአንቀጽ የሚለካ ይሁን። «ምዕራፍ ሁለትን እጽፋለሁ» ያለ ሰው በ45 ደቂቃ ስለማይጨርስ ተሸንፎ ይወጣል፤ በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል። «ስለ መስኖ ውኃ አጠቃቀም የተሠሩ ሦስት ጥናቶችን የሚያነጻጽር አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ» ያለው ግን ጨርሶ ይወጣል፤ ይመለሳልም።

የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ኢንተርኔት ነው፦ አንድ ምንጭ ልፈልግ ብሎ የገባ ሰው ሰዓቱ እስኪያልቅ አይወጣም። የሚያስፈልጋችሁን ጽሑፍ ከቀኑ በፊት አውርዱ፤ ስትጽፉ የጎደለ ካለ ቦታውን በቅንፍ «ምንጭ» ብላችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። ሁለተኛው መብራት ነው። ያረጀ የላፕቶፕ ባትሪ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከዋዜማው ቻርጅ አድርጉ፣ አንድ ሰው ማከፋፈያ ይዞ ይምጣ። ሦስተኛው አርፋጅ ነው፤ በሩ ይዘጋ፣ የዘገየ ሰው እስከ እረፍቱ ውጭ ይቆይ። የሚከፋ ሰው ይኖራል፤ ሕጉ ከላላ ግን ሰዓቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ጨዋታ ይቀየራል። የአንድ ባች ጓደኞች ብቻ ከሚሰበሰቡ የግብርናው ከጨርቃ ጨርቁ፣ የሕጉ ከጤናው ቢቀላቀል ወሬው ይቀንሳል።

የሶፍትዌር ሥልጠና ወይስ የዳታ ክሊኒክ?

በሥልጠና ላይ የሚሰጠው ዳታ የተዘጋጀና የጸዳ ነው፤ ትእዛዙን ስትጫኑ ሁሉም ይሠራል። ከመስክ የመጣው የራሳችሁ ዳታ ግን እንዲህ አይታዘዝም። በዳታ ክሊኒክ አንድ ተማሪ ከሚያውቅ ሰው ጋር ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቁጭ ብሎ የራሱን ፋይል ይከፍታል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ስሕተቶቹ የሚገኙት እዚህ ስለሆነ።

ከእነዚህ ስሕተቶች ሁለቱን በቅርበት እንያቸው። መቶ ሰዎች ከ1 እስከ 5 በሚለካ ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል እንበል። አራቱ ዘለውታል፤ መረጃ ያስገባው ሰውም ለተዘለለው 99 ብሎ ጽፏል። የ96ቱ ሰዎች አማካይ 3.5 ቢሆን ድምሩ 336 ነው፤ አራቱ 99 ሲደመሩ 396 ይሆናሉ። አማካዩ 732 ለ100 ተካፍሎ 7.32 ይወጣል፤ መለኪያው ግን ከ5 አያልፍም። 99 ማለት «መልስ የለም» መሆኑ ለሶፍትዌሩ አልተነገረውም። እዚህ ላይ ስሕተቱ ዐይን ያወጣ ስለሆነ ይታያል፤ የገቢ ወይም የዕድሜ ጥያቄ ላይ ቢሆን ግን ማንም ሳያየው ምዕራፍ አራት ውስጥ ይገባል።

ሌላው የክሮንባክ አልፋ ነው፤ የመጠይቁ ጥያቄዎች ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚለካ ቁጥር። የመጠይቁ አስተማማኝነት 0.7 ይደርሳል ተብሎ ሲጠበቅ 0.3 ይወጣል፤ አንዳንዴም ከዜሮ በታች። ተማሪው ደንግጦ ጥያቄዎችን መሰረዝ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በአሉታ የተጻፉ ጥያቄዎች አለመገልበጣቸው ነው። «ሥራዬን እወዳለሁ» የሚለውና «ሥራዬን ለመልቀቅ አስባለሁ» የሚለው በአንድ አቅጣጫ ሊቆጠሩ አይችሉም። በ5 ነጥብ መለኪያ መገልበጫው ቀላል ነው፤ ከ6 ላይ መልሱን መቀነስ። 5 የነበረው 1፣ 4 የነበረው 2 ይሆናል። ከዚያ አልፋው እንደገና ይሰላ።

ወደ መስክ ከመውጣት በፊት ለናሙና መጠንም ክሊኒኩ ይጠቅማል። በእኛ አገር ቴሲሶች የያማኔ ቀመር ይዘወተራል፤ 1,200 አባወራ ላለበት ቦታ በ5 በመቶ ስሕተት 300 ሰው ይወጣል። መልስ የማይሰጡ 10 በመቶ ይኖራሉ ብላችሁ ከጠበቃችሁ 300ን ለ0.9 አካፍሉ፤ 334 ይሆናል። በ300 ላይ 30 መጨመር 330 ብቻ ስለሚሰጥ በትክክል አይተካም። ቀመሩ የሚታሰበው ግን ከጠቅላላው ዝርዝር በዕጣ ለሚወሰድ ናሙና ነው። መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ጎጥ፣ ከዚያ ቤት እያላችሁ በደረጃ ከመረጣችሁ የአንድ ጎጥ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ ከፍ ማለት አለበት፤ 1.5 እጥፍ ከተወሰደ ከ300 ወደ 450 ይሄዳል። ይህን ፈታኝ ሳይጠይቅ አይቀርም፤ መስክ ከተመለሱ በኋላ ደግሞ አይስተካከልም።

ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ የዳታውን ቅጂ ስምና ስልክ ቁጥር አጥፍታችሁ፣ መጠይቁን፣ የኮድ ዝርዝሩን፣ የጥናቱን ዓላማዎች በአንድ ገጽ፣ በመጨረሻም አንድ የተጻፈ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ያለዚያ ግማሹ ሰዓት «ጥናትህ ስለ ምንድን ነው?» በሚል ያልቃል። ኤስፒኤስኤስና ስታታ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ አር፣ ጃሞቪና ጃስፕ ነጻ ናቸው። የትኛውን ልማር ለሚለው መልሳችን፣ አድቫይዘራችሁና የክሊኒኩ ሰው የሚያውቁትን፤ ብቻችሁን ከምትታገሉት የተሻለ ሶፍትዌር ይልቅ የሚያግዛችሁ ሰው ያለበት ይሻላል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ዳታውን አስረክቦ ሠንጠረዥ መቀበል ክሊኒክ አይባልም። በገንዘብ የሚያሠሩት አሉ፤ በዲፌንስ ቀን «ይህን ፈተሻ ለምን መረጥሽ?» ሲባሉ መልስ የሚያጡትም እነሱው ናቸው። የክሊኒኩ ሰው ማውሱን ከእጃችሁ ከወሰደ «መልስልኝ» ብላችሁ ተቀበሉት።

የሪፈረንስ ሥልጠና በሌላ በኩል አንድ ከሰዓት ይበቃዋል፤ እሱንም ገና መጻፍ ሳትጀምሩ ተማሩት። ምንጮችን የሚያደራጀው ሶፍትዌር ዞቴሮ ነጻ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚሰጠው የኦንላይን ማስቀመጫ 300 ሜጋባይት ስለሆነ ፒዲኤፎቹን በፍላሽ መያዝ ያስፈልጋል። ለእኛ የሚከብደው የስም ነገር ነው፦ አበበ ከበደ የሚባል ደራሲ ሲገባ ሶፍትዌሩ ከበደን እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ «ከበደ፣ አ.» ያደርገዋል። የዲፓርትመንታችሁ መመሪያ የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለበጥ እንዲጻፍ ካዘዘ በስም ሳጥኑ ጎን ያለችውን ምልክት ተጭናችሁ ሁለቱን ሳጥን አንድ አድርጉና ሙሉ ስሙን ጻፉ። ሁለት መቶ ምንጭ ካስገባችሁ በኋላ ይህን ማረም ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ሴሚናር ወይስ የሙከራ ዲፌንስ?

የዲፓርትመንት ሴሚናር የሌላውን ሥራ ለመስማትና የመስኩን ወሬ ለማወቅ ጥሩ ነው። ለመከላከል የተቃረበ ሰው ግን የሙከራ ዲፌንስ ያስፈልገዋል፤ ሴሚናር ላይ ሰው በይሉኝታ ይለሳለሳልና።

ለአንድ ሰው 20 ደቂቃ ገለጻ፣ 25 ደቂቃ ጥያቄ፣ 10 ደቂቃ አስተያየት መድቡ፤ በአንድ ከሰዓት ከሁለት ሰው በላይ አታስገቡ። ጠያቂዎቹ ሦስት ይሁኑ። አንዱ ከራሳችሁ ዲፓርትመንት ተከላክሎ የጨረሰ፣ ሁለተኛው ከሌላ መስክ የመጣ፣ ሦስተኛው አጠቃሎውንና መደምደሚያውን ብቻ ያነበበ። ሦስተኛው ሰው ይበልጥ ይጠቅማል፤ በእውነተኛው ቀን ከፈታኞቹ አንዱ ጊዜ አጥቶ ያነበበው ያን ብቻ ሊሆን ይችላል። ከእነሱ ሌላ አንድ ጸሐፊ ይመደብ፤ ጥያቄውን ቃል በቃል፣ የተሰጠውንም የመጀመሪያ መልስ ይጻፍ። አቅራቢው በድንጋጤ ምን እንደመለሰ አያስታውስም።

ቀኑ ከዲፌንሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ይበል። ከዋዜማው የሚደረግ ሙከራ ማስፈራሪያ ብቻ ነው፤ ጉድለት ቢገኝ ማስተካከያ ጊዜ የለም፣ አድቫይዘሩም አይደርስበትም። በብዛት የሚገኘው ጉድለት ደግሞ የዓላማና የመደምደሚያ አለመገናኘት ነው። ዓላማዎቹን በወረቀት ግራ፣ መደምደሚያዎቹን በቀኝ ጻፉና በመስመር አገናኙ። መስመር ያልደረሰው ዓላማ አልተመለሰም ማለት ነው፤ መስመር የሌለው መደምደሚያም ከየት መጣ ይባላል።

ስላይድ 15 ይበቃል። ከኤስፒኤስኤስ ተገልብጦ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ከሁለተኛው ረድፍ ወንበር አይነበብም፤ የሚያስፈልጉትን ሦስት ቁጥሮች ብቻ አውጥታችሁ ጻፉ። የቆዩ ፕሮጀክተሮች የቪጂኤ ገመድ ነው የሚቀበሉት፤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ግን መሰኪያው የለም፤ አስማሚ ያዙ። ፋይሉንም በፒዲኤፍ ደግማችሁ ያዙ፤ የአማርኛ ፊደል በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ወደ ሣጥን ሲቀየር ታይቷል።

የእግር ጉዞ፣ ኳስ ወይስ ጀልባ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ቀን የ50 ደቂቃ ፈጣን ጉዞ ዝቅተኛውን ይሞላል። በዚህ መለኪያ ካየነው የጠዋት ጉዞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ክፍያ የለውም፣ ወንዱም ሴቷም፣ ዕድሜው የገፋውም ይችለዋል። ኳስ ደስ ይላል፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን ይሆናል፣ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የቆየ ጉልበትም ይጎዳል፣ ሴቶችም ብዙ ጊዜ ከውጭ ይቀራሉ። ቮሊቦል በዚህ በኩል ይሻላል።

ለጉዞ ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡35 ጥሩ ሰዓት ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ዘግይታ ስለምትወጣ ከዚያ ቀደም ማለት በጨለማ መሄድ ነው። በሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ጥላ አለው፤ ኮረብታ ለሚፈልግ ከዓባይ ማዶ ያለው ቤዛዊት አለ፣ ቁልቁል ዓባይንና ከተማዋን ያሳያል። ደንገልና ቄጠማ ወደ በዛበት ዳርቻ፣ በተለይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ በማለዳና ሲመሽ አትጠጉ፤ ጉማሬ አለ። ውኃ ውስጥም እግር አታስገቡ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ የሚገባው በቆዳ ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃ መዘፍዘፍ ይበቃዋል። የገባ ሰው ሰገራውን ያስመርምር፤ ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት አለው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባ ወቅት ስለሆነ በሐይቁ ዳር የምሽት ስብሰባ ካላችሁ እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፤ የሚቻል ከሆነ ፕሮግራሙን ወደ ቀን አምጡት።

የዘጌ የጀልባ ጉዞ በሴሚስተር አንድ ጊዜ ይበቃል። ዋናው ጥቅሙ ሰው ማስተዋወቁ ነው፤ በአንድ ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የተቀመጠ ሰው ሳይነጋገር አይወርድም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳና ሐይቁ ስለሚናወጥ በጠዋት ሂዱ፤ ስትመለሱም ቀትር አይለፋችሁ። ጀልባ ስትከራዩ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው፣ መጠበቂያውን ይጨምራል ወይ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት አለ ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጃኬቱን በዐይናችሁ ሳታዩ አትሳፈሩ። የገዳማት ምርጫም ይታሰብበት። ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉም ይገባል። ግማሹን ቡድን ጀልባ ላይ አስቀምጦ የሚገባ ጉዞ አንድነት አይፈጥርም። ነጠላና ረጅም ቀሚስ፣ ለመግቢያ የሚሆን ዝርዝር ብር ያዙ።

የማነቃቂያ ንግግር ወይስ ትንሽ የውይይት ክበብ?

እ.ኤ.አ. በ2018 በኔቸር ባዮቴክኖሎጂ መጽሔት የወጣ ጥናት በ26 አገሮች 2,279 ተማሪዎችን፣ በብዛት የፒኤችዲ፣ ጠይቆ 41 በመቶው ከመካከለኛ እስከ ከባድ ጭንቀት፣ 39 በመቶው በዚያው ደረጃ ድባቴ እንዳላቸው አሳይቷል። የመለሱት በፈቃዳቸው ስለሆነ ቁጥሩ ለሁሉም ተማሪ ይሠራል ማለት አይቻልም፤ ጉዳዩ ግን የጥቂት ደካሞች አለመሆኑን ይናገራል።

ሁለት መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ የሚሰጥ የማነቃቂያ ንግግር ለአንድ ምሽት ያሞቃል። በማግስቱ ያው አድቫይዘር፣ ያው ያልተመለሰ ኢሜይል ነው የሚጠብቃችሁ። ከዚህ ይልቅ ከ6 እስከ 8 ሰው የሚሳተፍበት፣ ሰዎቹ ሳይቀያየሩ ለስድስት ሳምንት የሚገናኙበት የ75 ደቂቃ ክበብ ይሻላል። ውጤት የሚሰጥ መምህር አይገኝበት፤ የሚመራው የምክር አገልግሎት ባለሙያ ወይም በባለሙያ የሚታገዝ የሥነ ልቦና ምሩቅ ይሁን። የተነገረው ከክፍሉ አይወጣም፤ መናገር የማይፈልግ «ልለፍ» ይላል። እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ 5 ደቂቃ ያገኛል፤ ያለ ሰዓት ከተለቀቀ የአንዱ ችግር ሁሉንም ይውጣል። «እኔ ብሆን ኖሮ» የሚል ምክር የሚበዛበት ክበብም ሰው ያሸሻል።

ጭንቀቱ ከአድቫይዘር የመጣ ከሆነ ክበቡም ጉዞውም ብቻቸውን አይፈቱትም። በየሳምንቱ በአንድ ቀን አጭር ኢሜይል ላኩ፦ ምን ሠራሁ፣ ቀጥሎ ምን እሠራለሁ፣ አንድ ጥያቄ። አንድ ጥያቄ ያለው ኢሜይል ከአርባ ገጽ ረቂቅ ቶሎ ይመለሳል። ለወር ያህል ካልተመለሰ የላካችኋቸውን ቀናት ይዛችሁ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪውን አነጋግሩ።

እንቅልፍ ወይም ምግብ ለሁለት ሳምንት እምቢ ካለ፣ ከዶርም መውጣት ካቃተ፣ የመሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ዝግጅት መምረጥ ይቁም። ሞትን ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ይዛችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጸበል የሚሄድ ጸበሉን አይተው፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት አያቋርጥ።

የቡና ሰዓት ወይስ ትልቅ ግብዣ?

ቡና። ትልቅ ግብዣ ላይ ሰው የሚያውቀውን ፈልጎ ይቀመጣል፤ ቡና ላይ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ሰው አይበተንም። ከመቁላት እስከ በረካ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ማስታወቂያው ላይ «ለ45 ደቂቃ» ተብሎ ከተጻፈ ሰው ከአቦል በኋላ ይነሳል፣ ጨዋታው ገና ሲጀመር ይበተናል። ለ20 ሰው ሁለት ጀበና ጎን ለጎን ይጣድ፤ በአንድ ጀበና ከሆነ የመጨረሻው ሰው ሲደርሰው የመጀመሪያው ሰልችቶታል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ቅቤና ወተት የነካው ዳቦ አይቅረብ፤ ቆሎና ፈንዲሻ ለሁሉም ይሆናል። በረመዳን ቡናውን ከአፍጥር በኋላ ካላደረጋችሁት ሙስሊም ወንድምና እኅቶቻችሁን ከውጭ አስቀራችሁ ማለት ነው። ልጅ ይዞ መምጣት እንደሚቻል ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፤ ይህች አንዲት መስመር የምታመጣቸው እናቶች ብዙ ናቸው።

ቀንና ሰዓት

ጥሩ ዝግጅት በመጥፎ ሰዓት ባዶ ወንበር ያስቆጥራል። ዓርብ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት የጁምዓ ሰላት ነው፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ። በዐቢይ ጾም ብዙ ተማሪ እስከ 9 ሰዓት ስለማይበላ ከሰዓት በኋላ ስፖርት አታድርጉ። የምሽት ዝግጅት ባጃጅ በቀላሉ በሚገኝበት ሰዓት ይለቅ፤ ብቻቸውን ወደ ቤት የሚመለሱ ሴት ተማሪዎች ያሉበት ዝግጅት ከቀኑ 11፡30 ባይዘልቅ ይመረጣል። በጎንደር መውጫ ያለው የዘንዘልማ ግቢ ተማሪ ፔዳ ለሚደረግ የሁለት ሰዓት ዝግጅት መመላለሻውን ጨምሮ ግማሽ ቀኑን ያጣል፤ አንዱን ሳምንት እዚህ፣ አንዱን እዚያ ማድረግ ፍትሕ ነው።

የቅዳሜና እሑድ ተማሪ የሥራ ቀን ዝግጅት አይደርስበትም። ለእሱ የሚሆነው ቅዳሜ በክፍሎች መካከል ያለው የምሳ ሰዓት ነው፤ አንድ ሰዓት የንባብ ክበብ ወይም ሦስት ሰው የሚስተናገድበት የዳታ ክሊኒክ ይገባበታል። ክረምት ብቻ የሚመጡ መምህራን ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ነው ያላቸው። ለእነሱ ከሁሉ በፊት የዳታ ክሊኒክ፣ ቀጥሎ የጽሑፍ ሰዓት፤ ወደ ትምህርት ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ የሚያግዛቸው ሰው ስለማይኖር። በክረምት ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ለእነሱ ጠዋት ይሻላል።

ሁለት ዝግጅት ብቻ የሚደርስባችሁ ከሆነ አንዱን ለሥራው፣ አንዱን ለአካልና ለሰው ስጡ። ኮርስ ላይ ያለ የንባብ ክበብና ቡና፤ ዳታ ላይ ያለ ክሊኒክና የጠዋት ጉዞ፤ መጻፍ ላይ ያለ የጽሑፍ ሰዓትና የጠዋት ጉዞ። ለዲፌንስ አንድ ወር ሲቀር ጉዞውን አትተዉ፤ መጀመሪያ የሚተወው እሱ ነው፣ እንቅልፍ የሚበላሸውም ከዚያ ወዲያ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ገጽ ያልጨመረ፣ ጥያቄ ያልፈታ ወይም አዲስ ሰው ያላስተዋወቀ ዝግጅት ካለ ተዉትና ሰዓቱን ለሌላ ስጡት፤ ለአዘጋጁም ምን እንደጎደለ ንገሩት።